የከማለዲን ተከራዮች

ባሌ ከማለዲን ሹፌር ነው። ሹፌር ነው ብላችሁ ለሰፈራችን ሰው ብትነግሩት ግን ይስቅባችኋል፤ ካራ ውስጥ የሚታወቀው በሐኪምነቱ ነው። ትምህርቱ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ያ መች አገደው! የአይሱዙ መኪናውን የክሩስኮት መሳቢያ፣ ከመሪው ጎን ያለውን፣ ብትከፍቱ ካቻቢቴ አታገኙም፣ ካፕሱል ግን ሞልቷል። ጉሮሮው የቆሰለ፣ ድዱ ያበጠ፣ ሆዱን የቆረጠው ሁሉ የመኪናውን መስኮት ያንኳኳል። ከማል ደግሞ ጥያቄ አያበዛም። "ዋጥ" ይላል። "እኔ ፊት ዋጥ።" ውሃውን ራሱ ያቀብላል፤ ኪኒኑ በጉሮሮ ሲወርድ ሳያይ ንቅንቅ አይልም።

መድኃኒቱን ከየት ያመጣዋል አትሉም? ከተራፊ ነዋ። ሐኪም ጨርሰህ ዋጥ ያለውን ገና ሻል ሲለው ያቆማል፤ የቀረውን "ለሰው ይሆናል" ብሎ ያስቀምጣል። ሰው ደግሞ ምን ጊዜም አለ። እኔ ሚስቱ ሱልጣና ስንቴ ጮኼበታለሁ! "አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቀን ሰው ትገድላለህ!" ስለው፣ "ምነው ያዳንኩትን አታነሺም?" ይለኛል። ከዚያ እሱ ይስቃል፣ እኔ በሩን ድርግም አድርጌ እወጣለሁ።

ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለኝ። ከማል ግን አንጀቱ ቶሎ የሚላወስ ሰው ነው። መንገድ ላይ የሚያስል ሰው ካየ መኪና ያቆማል። ወላሂ አንዳንዴ ከገዛ ልጁ ከሁዳ ሳል ይልቅ የሌላው ሰው ሳል ነው የሚያሳስበው እላለሁ።

ከታካሚዎቹ ሁሉ የሚቀርበው ሣህሌ ነው። ሣህሌ እንጦጦ ላይ ከማርያም ቤተክርስቲያን አጥር ሥር ይኖራል፤ ገብስ ይዘራል፣ ከጓሮው ባህር ዛፍ አለው። አጠና ሲቆርጥ ከማል ይጭንለታል። እንዲህ እንዲህ እያሉ ነው ወንድማማች የሆኑት። እኛ የነሱን ሥጋ አንበላ፣ እነሱ የኛን አይበሉ። በፋሲካ እነሱ ጋ፣ በአረፋ እኛ ጋ ስንገናኝ ዳቦና ለስላሳ ይቀርባል፤ ሁላችንም እንስቃለን፣ ድስቱ ግን እንደተከደነ ነው። መድኃኒት ሲሆን ሃይማኖት የለውም። የሣህሌ ሚስት የማርያምወርቅ ስትታመም ከማል ካፕሱል ይዞ ያን ዳገት ይወጣል፤ ከማልን ጥርሱን ሲያመው ሣህሌ የተረፈውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ይወርዳል። አብረው መቁረስ ያልቻሉትን ማዕድ በኪኒን ቆረሱት ብል አላጋነንኩም።

አንድ ክረምት ላይ ከማል በቀኝ ውስጥ እግሩ፣ ፍሬን በሚረግጥበት በኩል፣ ጥቁር ነጥብ አየ። "እሾህ ነው" አለ። እሾህ ሲሰፋ ያየ አለ? ቆይቶ ብሽሽቱ ላይ ንፍፊት ወጣበት። እግሩ የቆሰለ ሰው ንፍፊት ይይዘዋል፣ ያ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ካፕሱሉን ዋጠ። አልጠፋም። ሌላ ዓይነት ዋጠ። ጭራሽ እንደ እንቁላል አከለ። በመጨረሻ ሁዳ እያለቀሰች፣ እኔ እየተሳደብኩ ሐኪም ቤት አደረስነው። ከእግሩ ላይ ያንን ጥቁር ነገር ቆርጠው አውጥተው መረመሩት፤ የቆዳ ካንሰር ነው ተባለ። ሳንባውም ላይ ነጠብጣብ ታየ።

ሕክምናውን የያዘችው ዶክተር ሰኚ የምትባል ልጅ ናት። ልጅ የምለው ከሁዳ ብዙም ስለማትበልጥ ነው። ፊት ለፊቱ ተቀመጠችና፣ "ጋሽ ከማል፣ ሰውነትዎ ውስጥ በሽታን የሚዋጉ ወታደሮች አሉ፤ ነጭ የደም ህዋሳት እንላቸዋለን" አለችው። "ካንሰሩ ተንኮለኛ ነው። ወታደሮቹን አይገድላቸውም፤ ፍሬናቸውን ረግጦ ቀጥ ያደርጋቸዋል። እኛ በደም ሥር የምንሰጥዎት መድኃኒት የካንሰሩን እግር ከፍሬኑ ላይ ያነሳል። ከዚያ መዋጋቱ የራስዎ ወታደሮች ሥራ ነው።"

የከማል ዓይን በራ። ከታመመ ወዲህ በደንብ የገባው ነገር ይሄ ነበር። ግን ወዲያው ተጨነቀ። "ዶክተር፣ ፍሬን የሌለው መኪና ከእንጦጦ ቁልቁል ቢለቀቅ የት ሊቆም ነው?"

ሳቀች። "እሱን ነው የምፈራው። አንዳንዴ ወታደሮቹ የራስዎን ሰውነት ይመታሉ። አዲስ ነገር ከተሰማዎት፣ በተለይ ተቅማጥ ከያዘዎት፣ ይደውሉልኝ። ራስዎን እንዳያክሙ።"

"ራስዎን እንዳያክሙ" ስትል እኔ ከማልን አየሁት። እሱ ጣራውን አየ።

መድኃኒቱ በእርዳታ የሚገባ ነው፤ የሚደርሰው ለጥቂት ሰው ነው። ስለዚህ ደንብ አለው፤ ሳንባው ላይ ያለው ነገር ካልቀነሰ መድኃኒቱ ይቆምና ለሌላ ተረኛ ይሰጣል። ከዚያ ወዲያ ሌላ የሚሞከር እንደሌለ ዶክተር ሰኚ አልደበቀችንም። እኛም እንግዲህ የመጀመሪያውን ምርመራ እንደ ዒድ ጨረቃ ጠበቅነው። ውጤቱ መጣ። አልቀነሰም፤ እንዲያውም ትንሽ ጨምሯል።

ዶክተር ሰኚ ግንባሯን አሻሸች። "ጋሽ ከማል፣ ሕክምናውን በጀመርንበት ሰሞን ሌላ መድኃኒት ወስደዋል? አንቲባዮቲክ፣ ካፕሱል፣ እንደዚያ ያለ?"

"ኧረ በጭራሽ" አለ ባሌ፣ ፊቱ ቅጭም ሳይል።

አሁን ምን ይባላል? ደሜ ፈላ። "ዶክተር፣ ይሄ ሰውዬ ራሱ ፋርማሲ ነው!" አልኩ። "ጥርሴን አለ፣ ዋጠ! ብርድ መታኝ አለ፣ ዋጠ! የናንተ መርፌ በተሰጠው ሳምንት እንኳ ሲውጥ አይቼዋለሁ!" ኮሪደሩ ሁሉ ሳይሰማኝ አልቀረም። ከማል አንገቱን ደፋ።

ልጅቱ አልተቆጣችም። ወንበሯን ሳበችና እንዲህ ስትል አስረዳችን። አንጀታችን ውስጥ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ሁሉም ጠላት አይደሉም፤ አብዛኞቹ ከሕፃንነታችን ጀምሮ አብረውን የኖሩ ናቸው። እኛ መፍጨት ያቃተንን የእህልና የቅጠል ገለባ እነሱ ይበሉታል፤ ከዚያም የሚያወጡት ነገር ለወታደሮቹ ይደርሳል። ከወታደሮቹ ብዙዎቹ ጠላትና ወዳጅ መለየት የሚማሩት እዚያው አንጀት ሰፈር ነው። ካፕሱል ስንውጥ ታዲያ መጥፎውንም ደጉንም አንድ ላይ ይጠርጋቸዋል። ደጋጎቹ ያለቁበት ሰው ይሄ የፍሬን መድኃኒት ብዙ ጊዜ እንደማይሠራለት ጥናቶች ያሳያሉ።

"ስንት ይሆናሉ?" አለ ከማል፣ ሆዱን በመዳፉ ይዞ።

"ከአዲስ አበባ ሕዝብ ይበልጣሉ።"

"ይሄ ሁሉ ሕዝብ እኔ ሆድ ውስጥ ነው የሚኖረው? ኪራይ ይከፍላሉ?"

"እየነገርኩዎት እኮ ነው፣ ይከፍላሉ" አለችው። "እርስዎ ናቸው እየደጋገሙ ያስወጧቸው።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስማቸው "ተከራዮቼ" ሆነ። እኔ ግን በቀልድ አልረካሁም፤ "እነሱ ቢመለሱ ይድናል?" አልኳት።

"እትዬ ሱልጣና፣ አልምልልዎትም" አለች። "ጥናቱ ገና ነው። በሱ ምክንያት ይሁን በሌላ አላውቅም። አንድ ዙር እንድንጨምር ግን እጠይቃለሁ። ገብሱን፣ ባቄላውን፣ ምስሩን፣ ጎመኑን ያብሉት። ካፕሱል የሚባል እኔ ሳላውቅ አይዋጥ። እውነተኛ ኢንፌክሽን ከመጣ ደግሞ እኔው ራሴ እሰጠዋለሁ፤ ያኔ እንቢ እንዳይለኝ።"

አንድ ዙር። ቀሪው ዕድላችን እሱ ነበር። ከማል በማግስቱ የክሩስኮቱን መሳቢያ አራግፎ በፌስታል ሙሉ ለሐኪም ቤቱ አስረከበ፤ አስወግዱልኝ ብሎ። እኔ ምድጃ ሥር ገባሁ። ጠዋት የገብስ ቅንጬ፣ ቀን ምስር በጎመን፣ ማታ ሽሮ፣ በመሃል ቆሎ። ሥጋ ስሠራለት፣ "ይሄ የኔ ነው፤ የተከራዮቼስ?" ይላል። ለራሱ ሲሆን እንቢ ይል የነበረውን ጎመን ለነሱ ብሎ ሁለተኛ ይጨምራል። ጉድ እኮ ነው! ስንት ዓመት ለምኜው እንቢ ያለኝ ሰው ለማያያቸው እንግዶች ታዘዘ።

ዙሩ ሊያልቅ ሲል ተቅማጡ ጀመረው።

አዲስ አበባ ውስጥ ተቅማጥ የያዘው ሰው በሽታው ሁለት ነው፤ ወይ ጃርዲያ ወይ አሜባ። ሌላ ተሰምቶ አይታወቅም። ወሬው ካራን ለማዳረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም፤ ጠያቂው ጎረፈ። ማንም ደግሞ ባዶ እጁን አልመጣም። ባለ ሱቁ አብራር በብልቃጥ፣ ጎረቤታችን ሐቢባ በመሐረብ ጫፍ ቋጥራ፣ የአጠና ጫኞቹ በኪሳቸው፣ ሁሉም ኪኒን ይዞ መጣ። ስንቱን ዘመን ለሰው ያደለው ካፕሱል አንድ ቀን ላይ ተሰብስቦ ተመለሰለት። ከማል እያንዳንዱን ተቀብሎ፣ "አላህ ይስጥልኝ" እያለ ለኔ ያቀብላል። አንዱንም አፉ አላደረሰም።

እኔ ግን ፈርቼ ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ከአልጋ ሲነሳ ይንገዳገዳል። ሁዳ ለዶክተር ሰኚ ደወለች፤ ዶክተሯም "አሁኑኑ አምጡት፣ ምንም እንዳይውጥ" አለች። ሁዳ መኪና ልታመጣ ወጣች። ሣህሌ የገባው ይሄኔ ነው።

ከእንጦጦ ድረስ በጥድፊያ ነው የመጣው፤ ጋቢው ከትከሻው ወርዷል፣ ላቡ ይንጠባጠባል። ሰላም እንኳ አላለም። ከያዘው የጋዜጣ ጥቅል ውስጥ ሁለት ፍሬ ኪኒን አወጣ፣ ብርጭቆ ውሃ አነሳ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። "ከማል፣ ዋጥ። ጃርዲያ ነው። ዘንድሮ እኔንም እንዲሁ አድርጎ ይሄ ነው ያዳነኝ።"

"ሣህሌ፣ አልውጥም።"

"አንተ ነህ እንዲህ የምትለው? እኔ ፊት ዋጥ!" አለና ብርጭቆውን ከንፈሩ ላይ አደረገው።

ከማል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ውሃው ትራሱ ላይ ፈሰሰ። ሣህሌ ቀጥሎ የተናገረውን እስከዛሬ አልረሳውም። "ከማል፣ ሥጋ እኮ አይደለም ያመጣሁልህ!" አለ። "ኪኒን ነው! እኛ መቼ ነው በኪኒን የተለያየነው?"

ከማል ሊያስረዳ አፉን ከፈተ። የቀረው ጉልበት ለአንድ ቃል ብቻ ነበር። "መርዝ ነው" አለ። ለኔ፣ በዚህ ሕመሜ፣ ማለቱ ነበር። ያንን አልጨመረም።

ሣህሌ ኪኒኖቹን መልሶ ጠቀለለ። "መርዝ" አለ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ። ጋቢውን አጣፍቶ ወጣ። "ሣህሌ! አንተ ሣህሌ!" እያልኩ እስከ በር ተከተልኩት፤ አልዞረም። በዚያው ቅጽበት ሁዳ ያመጣችው መኪና ደረሰ። በሽተኛዬን ልደግፍ ወይስ ሰው ላባብል? ትቼው ተመለስኩ።

ሐኪም ቤት መረመሩት። ጃርዲያ የለም፣ አሜባ የለም፣ አንድም ጀርም የለም። በካሜራ ሲያዩት አንጀቱ እሳት መስሏል። ፍሬናቸው የተለቀቀ ወታደሮች ቁልቁል መጥተው አንጀቱን እየመቱ ነበር። ወታደሮቹን የሚያበርድ ሌላ መድኃኒት ጀመሩለት። "ጃርዲያ ነው ብላችሁ ቤት ብታቆዩት አንጀቱ ሊበሳ ይችል ነበር" አለች ዶክተር ሰኚ። "የሚውጠውም ኪኒን እንደ አዲስ ያፈራውን ባክቴሪያ ይጠርግ ነበር።" እዚያው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ያ ካፕሱል ከአፉ የማይለይ ሰውዬ፣ ነፍሱ ልትወጣ ደርሳ እንቢ ማለቱ ለካ ነፍሱን አትርፎለት ኖሯል።

ከተቅማጡ ዳነ፤ ቀስ በቀስ እህል ቀመሰ። የፍሬኑ መድኃኒት ግን ከዚህ ወዲያ አይሰጠውም ተባለ፤ አንጀቱ አይችልም። በሚመጣው ምርመራ የሳንባው ነገር ካልቀነሰ ሌላ መንገድ የለም። እኛ ከዚያ በኋላ እንዴት እንደነበርን ይቅር። ከማል ሌሊት ሰላት ላይ ሲቆም እሰማዋለሁ፤ እኔም የተኛሁ መስዬ ዱዓዬን አደርጋለሁ።

ሣህሌ አልመጣም። ስንደውል አያነሳም። ንዴቴን አትጠይቁኝ! "ይሄን ሁሉ ዓመት አብሮን ኖሮ በአንዲት ቃል አኩርፎ ይቅር? ሰው በሞት አፋፍ ላይ ሆኖ ለተናገረው?" እያልኩ ቤቱን አንድ አደረግኩት። ከማል፣ "ተይው ሱልጤ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" ከማለት ሌላ አይናገርም።

የምርመራው ቀን ደረሰ። ዶክተር ሰኚ ኮምፒውተሯ ላይ አፍጥጣ ቀረች። ያ አላህ፣ ተናገሪ እንጂ ብዬ ልነቀንቃት ምንም አልቀረኝ። ከዚያ ስክሪኑን ወደኛ አዞረችው። "እዚህ የነበረው የለም። እዚህም የለም። እዚህ ደግሞ ጠባሳ የሚያክል ነገር ቀርቷል" አለች። "ጨርሶ ጠፍቷል አልልም፣ እንከታተለዋለን። መድኃኒቱ ቢቆምም ወታደሮቹ ግን ሥራቸውን አላቆሙም።"

እልልታዬን ለቀቅኩት። ነርሷ ሰው ሞተ ብላ በሩን በርግዳ ገባች፤ እሷንም አቅፌ ሳምኳት። አልሃምዱሊላህ፣ አልሃምዱሊላህ! ከማል ብቻ እጁን እያየ ነበር። "ዶክተር፣ ማንን ላመስግን?" አላት።

"እኔ እንጃ ጋሽ ከማል" አለች። "የትኛው ምን ያህል እንደሠራ አላውቅም። ሁሉንም ያመስግኑ።"

ከማል በሐኪም ቤቱ በር ላይ እግሩን ከተቆረጠለት ወዲህ የያዘውን ዱላ ተደግፎ፣ "ቤት አልሄድም፤ እንጦጦ ውሰዱኝ" አለ። ታክሲ ስንገባ ሁዳ ከኋላ ወንበር ላይ አንዳች ነገር ልትናገር ፈልጋ ተወችው። ታክሲው ዳገቱን እየቃተተ ወጣ፤ እኔ መንገዱን ሙሉ ለሣህሌ የምናገረውን ሳዘጋጅ ነበር።

ጓሮው ውስጥ አጠና ሲልጥ አገኘነው። ሲያየን መጥረቢያው ከእጁ ወደቀ። ማን ሰላም ይላል! "አንተ ሣህሌ!" ብዬ ጀመርኩ፤ "ሞተ ዳነ አይባልም? ኩርፊያ እንዲህ ይደርሳል?"

"አላኮረፍኩም" አለ መሬት መሬት እያየ። "አፍሬ ነው። በማግስቱ ለሁዳ ደውዬላት ሁሉንም ነገረችኝ። ለአባትሽ እንዳትነግሪው ብዬ አስማልኳት። ያን ብርጭቆ አፉ ላይ ያደረግኩት እኔ ነኝ፣ ሱልጣና። ቢውጠው ኖሮ ገዳዩ እኔ ነበርኩ። በምን ዓይኔ ልየው?"

ያዘጋጀሁት ቁጣ ሁሉ ጠፋኝ። ከማል እያነከሰ ሄዶ ትከሻውን ያዘው። "አንተ ሞኝ፣ ያመጣኸው እኮ እኔ ያስተማርኩህን ነው" አለው።

የማርያምወርቅ ከቤት ወጥታ ኖሮ በሩ ላይ ቆማለች። "ንገራቸው እንጂ" አለችው ባሏን። እሱ እንደ ሕፃን ፊቱን አዞረ። "እንግዲያው እኔ ልንገራቸው። በየወሩ በማርያም ቀን ለከማል ጸሎት ያስደርጋል። ከዳነ ጥላ ሊያስገባም ተስሏል። ከቄሱ ጋር እንኳ ተጣልቷል።"

"ደግሞ በምን ተጣላህ?" አለ ከማል።

"የክርስትና ስሙን ንገረን አሉኝ" አለ ሣህሌ፣ አሁንም ያበገነው ይመስል። "ስሙ ከማለዲን ነው አልኳቸው። በዚህ ስም እንዴት ብለን እንጸልያለን ይሉኛል! ሌላ ስም አላወጣለትም፣ እንዲህ ብላችሁ ጥሩት፤ እመቤቴ ታውቀዋለች፤ ስንት ዘመን አጥሯ ሥር መኪና ያቆመ ሰው አይደለም ወይ አልኳቸው። በኋላ እሺ አሉኝ። በሙሉ ስምህ ነው የሚጠሩህ።"

ከማል አጠናው ክምር ላይ ተቀመጠና እንባውን ዘረገፈ። እኔ፣ ሰፈር ሁሉ ምላሷ አይታጠፍም የሚለኝ ሴት፣ የሣህሌን እጅ ይዤ ማልቀስ ጀመርኩ። ሣህሌ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየ፤ ጨርሶ ግራ ገባው።

"ምነው?" አለ ደንግጦ። "ደግሞ አጠፋሁ እንዴ?"